የፍልሰታ ጉንፋን፦ የአለርጂ ኪኒን አፍንጫችን ውስጥ ምን ይሠራል?

እኔ በምኖርባት በዌስት ሴንት ፖል የፍልሰታ ጾም ከገባ በሳምንት በዐሥር ቀኑ ሐበሻው ሁሉ «ጉንፋን ያዘኝ» ማለት ይጀምራል። ሮበርት ስትሪት ላይ ካሉት መደብሮች ደጃፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በታክሲ ተራ፣ በሌሊት ፈረቃ መግቢያ በር ላይ መሐረብ ያልያዘ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ጉንፋን ግን ሁለት ወር ሙሉ አይለቅም። ትኩሳት የለውም። ዓይን ያሳክካል፣ ላንቃ ያሳክካል፣ ጧት ከአልጋ ሲነሡ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ ያስነጥሳል። የመጀመሪያው ውርጭ መሬቱን ሲመታው ድራሹ ይጠፋል፤ በዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ከተፍ ይላል።

በየዓመቱ ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ጉንፋን የለም። ይህ የአፍንጫ አለርጂ ነው። ፈረንጆቹ «የድርቆሽ ትኩሳት» ይሉታል፤ ድርቆሽም ትኩሳትም የለበትም እንጂ! ከእኛ መካከል ግን «ምች ነው» ብሎ ከአገር ቤት በመጣ ዳማከሴ የሚታሽ አለ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ የሚታጠን አለ። እነዚህስ ጉዳታቸው እምብዛም ነው። የሚያሳስበኝ አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ አውጥቶ የሚውጠው ነው። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል፤ እዚህ ውስጥ የሚገደል ባክቴሪያ የለም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ግን ከበሽታው ይልቅ መድኃኒቱ ነው። በብዙዎቻችን መኪና ኪስ ውስጥ የማይጠፋው የአለርጂ ኪኒን የትኛውን ሥራ እንደሚሠራ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማይሠራ አውቆ የሚውጠው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነበር። ከዚህ በታች የማቀርበው በሕክምና መጻሕፍትና መጽሔቶች የታተመውን አገላብጬ የደረስኩበትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወንጀለኛዋ አረም

በሚኒሶታ በሚያዝያና በግንቦት በርች፣ ኦክና ሜፕል የተባሉት ዛፎች ብናኛቸውን ይለቃሉ። በሰኔ ተራው የሣር ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ውርጭ ድረስ የሚገዛው ግን ራግዊድ የተባለ አረም ነው። ራግዊድ አበባው አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በመንገድ ዳር፣ ባዶ በቀረ ቦታ፣ ግንባታ ተጀምሮ በቆመበት ሁሉ ይበቅላል። አንዱ ተክል ብቻውን በአንድ ወቅት እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ብናኝ ሊለቅ ይችላል፤ ነፋሱም ብናኙን በመቶ የሚቆጠር ማይል ይወስደዋል።

ሰው ሁሉ የሚከስሰው ግን በዚያው ሰሞን ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰውን ጎልደንሮድ ነው። ከተማችን ውስጥ ባለው በዶጅ ኔቸር ሴንተር አካባቢ የሚንሸራሸር ሰው ቢጫውን አበባ ባየ ቁጥር አፍንጫውን ይይዛል። ጎልደንሮድ በዚህ ክስ ነፃ ነው። ብናኙ ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ የሚያጓጉዘው ንብ እንጂ ነፋስ አይደለም። የእኛይቱም ዐደይ አበባ የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ናት። በዕንቁጣጣሽ ሰሞን እዚያ ዐደይ ስትፈነዳ እዚህ የሩቅ ዘመዷ ራግዊድ ያስነጥሰናል።

አገር ቤትም የዚህ ቤተሰብ ክፉ አባል አለ። በ1980ዎቹ በድሬዳዋና በወሎ በኩል መታየት የጀመረውና ዛሬ ብዙ ማሳ የወረረው፣ አማርኛ ተናጋሪው ቅንጬ አረም የሚለው ፓርቴኒየም ነው። ቆዳ ያቆስላል፣ አፍንጫም ያስቆጣል። ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሳይገባ አልቀረም ይባላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «አገሬ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ ያላስነጠሰኝ ሰውዬ እዚህ ምን ነካኝ?»

መልሱ ገና ሙሉ በሙሉ አልተገኘም፤ ሆኖም ከተገኙት ፍንጮች ትልልቆቹ የመጡት ከራሳችን አገር ከጅማ ነው። የያኔው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሐኪሞች ከእንግሊዝ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ1997 ላንሴት በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት አወጡ። አስምና ሲተነፍሱ ማፏጨት በከተማው ከገጠሩ በዝቶ ተገኘ። በ2001 በዚያው መጽሔት በወጣው ሁለተኛ ጥናት ደግሞ ሁክወርም የተባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ማፏጨቱ አነስ ብሎባቸው ታየ። ለትል የተዘጋጀ የሰውነት ጦር ትሉን ሲያጣ ብናኝ ላይ ይዞራል የሚለው ሐሳብ ጉልበት ካገኘባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ትሉ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም፤ በኋላ ኖቲንግሃም ውስጥ ሆን ተብሎ ትሉ የተሰጣቸው ሕመምተኞች ጉልህ መሻሻል አላሳዩም።

በስደተኞች ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አንድ የሚስማሙበት ነገር አለ፦ አለርጂ አዲስ በገቡበት ዓመት አይመጣም። ዓመታት ሲቆጠሩ ነው የሚበዛው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አፍንጫው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

የደለበው ሴል

በመጀመሪያዎቹ ወቅቶች የራግዊድ ብናኝ አፍንጫችን ውስጥ ሲያርፍ እኛ ምንም አናውቅም። የበሽታ መከላከያ ሴሎቻችን ግን ፕሮቲኑን አንሥተው እየመረመሩ ነው። ቲ ሴል የሚባሉት አዛዦች በስሕተት «ጠላት ነው» ብለው ከፈረዱ፣ ቢ ሴሎች አይጂኢ የተባለ አንቲቦዲ ማምረት ይጀምራሉ። ይህ አንቲቦዲ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲገኝ፣ ኢሺዛካ የተባሉት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ዴንቨር ከተማ ውስጥ ሲመረምሩ የነበረው የራግዊድ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ደም ነበር። በዚያው ጊዜ ስዊድን ውስጥም ሌሎች ደርሰውበታል።

አይጂኢ ሄዶ የሚቀመጠው ማስት ሴል በሚባል ሴል ላይ ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ1878 የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ይህን ሴል በማቅለሚያ አይቶ፣ ሆዱ በፍሬ ተሞልቶ ስላገኘው የደለበ መሰለውና በማድለቢያ ስም ጠራው። የደለበ ሰንጋ በሉት። ውስጡ የተሞላው ግን ስብ ሳይሆን ሂስታሚንና ሌላ ትጥቅ ነበር።

ዝግጅቱ ሁለት ሦስት ወቅት ወይም ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብናኙ ተመልሶ ሲመጣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን አይጂኢዎች አንድ ላይ ያያይዛቸዋል፤ ሰንጋው በደቂቃዎች ውስጥ ትጥቁን ይዘረግፋል። ሂስታሚኑ የነርቭ ጫፍ ሲነካ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል። እጢዎችን ሲያነሣሣ ንፍጥ እንደ ውኃ ይወርዳል። የደም ሥሮችን ሲያሰፋና ሲያሳልል ሽፋኑ ያብጣል።

ሂስታሚን ያለ ቦታው አይሠራም። በሴሎቹ ላይ ተቀባይ የሚባል በር አለው፤ ለአፍንጫችን ጉዳይ ዋነኛው ኤች ዋን ይባላል። አንቲሂስታሚን የምንለው ኪኒን የሚሠራው እዚያው በር ላይ ነው። ድሮ «ቁልፉ እንዳይገባ ቀዳዳውን ይደፍናል» ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ መጻሕፍት ብዙ ዘመን እንዲሁ ጽፈውታል። የዛሬው ዕውቀት ትንሽ ይለያል። በሩ ሂስታሚን ሳይመጣም በራሱ ጊዜ ከፈት ዘጋ የሚል ነው። ሂስታሚን ወደ ክፍቱ ይስበዋል፤ ኪኒኑ ደግሞ ወደ ዝጉ ይስበውና አጽንቶ ይይዘዋል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከታች እንመለስበታለን።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ኪኒኑ ብናኙን አያስቀርም፣ አይጂኢን አይቀንስም፣ በተራ መጠን ሲወሰድም የደለበውን ሴል ከመፈንዳት በቅጡ አያግደውም። አንዳንዶቹ ኪኒኖች በላቦራቶሪ ማስት ሴልን ሲያረጋጉ ታይተዋል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ደም ውስጥ ከሚደርሰው እጅግ በበለጠ መጠን ነው። የማስታወቂያ ሠራተኞች ይህችን ነጥብ መዝለል ይወዳሉ።

ሁለተኛው ማዕበል

«ኪኒኑን ወስጄ ማስነጠሱ ቆመ፤ ግን ማታ አፍንጫዬ ተደፍኖ እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አቤቱታ የተለመደ ነው። ኪኒኑ ውሸት ሆኖ አይደለም። ማስት ሴል ከሂስታሚን ሌላ ሉኮትራይንና ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ነገሮችን ያመርታል፤ እነዚህ የራሳቸው በር አላቸውና የኤች ዋን መዘጋት አይገዳቸውም። በዚህ ላይ ሌሎቹን ሴሎች «ድረሱልኝ» ብሎ ይጠራል። በአካባቢው ያሉ ሴሎች አይካም ዋን የተባለ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣሉ፤ በደም የሚያልፉት ነጭ ሴሎች እዚያ ተይዘው ወደ አፍንጫው ሽፋን ይገባሉ። ከአራት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቲ ሴሎች፣ ባሶፊሎች፣ ከሁሉም በላይ ኢዮሲኖፊሎች ይሰበሰባሉ።

ኢዮሲኖፊል ትልን ለመውጋት የተሠራ ሴል ነው። የሚረጨው መርዛማ ፕሮቲን ትሉን ብቻ ሳይሆን የራሳችንንም ሽፋን ይልጣል። የዚህን ፕሮቲን ምንነት በ1970ዎቹ ያብራሩት እዚሁ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ሐኪሞች ናቸው። ኢዮሲኖፊሎቹ አንዴ ከሰፈሩ አፍንጫው ይነቃል፦ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ብዙ ብናኝ ይፈልግ የነበረው፣ መስከረም ላይ በጥቂቱ ይቆጣል። መስከረም የሚከፋው ብናኙ ስለበዛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ኪኒኑ በዚህ ሁለተኛ ማዕበል ላይ ምንም አያደርግም? ያደርጋል፣ ግን በልኩ። የኤች ዋን በር በተከፈተ ቁጥር ሴሉ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው የብግነት ማብሪያ ይበራል። በሩን ዝግ አድርጎ የሚይዝ መድኃኒት ማብሪያውንም ዝቅ ያደርገዋል። ከላይ እንመለስበታለን ያልኩት ይህ ነው። ጣሊያን አገር ጄኖቫ ያሉ ሐኪሞች በ1990ዎቹ እንደ ሴቲሪዚን ያሉትን ኪኒኖች የሚወስዱ ሕመምተኞችን አፍንጫ ሲመረምሩ አይካም ዋንም የተሰበሰቡት ኢዮሲኖፊሎችም ቀንሰው አግኝተዋል። ሕመምተኛው ምንም ምልክት ሳይሰማው እንኳ አፍንጫው ውስጥ ትንሽ ብግነት እንደሚቆይ ያሳዩትም እነዚሁ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው። ኪኒኑን ሲያስነጥሱ ብቻ መዋጥ ትርፉ ግማሽ ነው። በወቅቱ በየቀኑ፣ ብናኙ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ የሚወስድ ሰው የተሻለ ያገኛል። አፍንጫው የሚደፈንበት ሰው ደግሞ ከኪኒን የሚበልጥ ነገር አለለት፤ እርሱም አፍንጫ ውስጥ የሚነፋው ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ በር ላይ አይቆምም። ሴሉ ውስጥ ገብቶ የብግነት ትእዛዝ የሚጻፍበትን ክፍል ይይዛል፤ ከሂስታሚኑ በተጨማሪ ጠሪዎቹንም ተጠሪዎቹንም ይቀንሳል። ኮርቲዞንን በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የሰጡት የዚያው የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ነበሩ፤ በ1950 ኖቤል አሸለማቸው። ፍሉቲካዞን የተባለው የሚነፋ ዓይነት ከ2014 ፈቃድ ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አንድ ሁለት ቀን ነፍቶ «አልሠራም» ብሎ መጣል ግን ፋይዳ የለውም፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሐምሌ መጨረሻ መጀመር ነው። ጫፉን ወደ አፍንጫ መሐል ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ አቅጣጫ ማዞር ደግሞ መድማትን ይቀንሳል።

ከዚህ ጋር አፍሪንን የመሰለውን የሚነፋ አታምታቱ። እርሱ የደም ሥር ጨምቆ በደቂቃ ይከፍታል፤ ከሦስት ቀን በላይ ከተወሰደ ግን አፍንጫውን መልሶ ይደፍናል፤ ሰውየውም ባሪያው ሆኖ ይቀራል። ፊኒሌፍሪን የተባለው የሚዋጥ አፍንጫ ከፋች ደግሞ በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በሙሉ ድምፅ «አይሠራም» ብለውታል። ገንዘባችሁን አትጣሉ።

መሪ የያዘ ሰው

አንቲሂስታሚን በ1937 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም በዳንኤል ቦቬት ቤት ተጀመረ። የመጀመሪያው ውሑድ ለሰው የማይሆን መርዝ ነበር። በ1943 ሲንሲናቲ ላይ ጆርጅ ሪቭሽል የተባለ ኬሚስት ዳይፈንሃይድራሚንን ሠራ፤ በ1946 ቤናድሪል ተብሎ ገበያ ወጣ። ዛሬም አለ፤ ርካሽ ነው፤ ሮዟን ኪኒን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አገር ቤት የምናውቀው ክሎርፌኒራሚንም ከዚሁ ትውልድ ነው።

ችግሩ ሂስታሚን አንጎላችን ውስጥ ሌላ ሥራ ያለው መሆኑ ነው፦ ነቅተን እንድንቆይ ያደርገናል። የድሮዎቹ ኪኒኖች ወደ አንጎል ሰተት ብለው ይገቡና ያንኑ የኤች ዋን በር ይዘጋሉ። አዲሶቹን ግን የአንጎል ደም ሥር ግድግዳ ገፍቶ ይመልሳቸዋል። ፌክሶፌናዲን ከሞላ ጎደል አይገባም፤ ሎራታዲን በተገቢው መጠን እምብዛም አያስተኛም፤ ሴቲሪዚን ጥቂት ሰዎችን ያደክማል። ከእነዚህ በፊት የመጣው ተርፈናዲን ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የልብን ምት ያዛባ ስለነበር በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። በነገራችን ላይ ፌክሶፌናዲንን በውኃ ብቻ ነው መዋጥ፤ የብርቱካንና የፖም ጭማቂ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል።

አንድ በዕድሜ ታላቄ የሆኑ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወዳጄ አሉኝ። ሮዟን ኪኒን ሲውጡ አየሁና «ጋሼ፣ እየነዱ እንቅልፍ አይጥልዎትም?» አልኳቸው።

«ለምጄዋለሁ ልጄ። እኔን ምንም አያደርገኝም» አሉ።

ይህን የሚመልሰው ጥናት የተሠራው ከእኛ በስተ ደቡብ ባለችው አዮዋ ነው። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የራግዊድ አለርጂ ያለባቸውን 40 ሰዎች መንዳት በሚያስመስል መሣሪያ ላይ አስቀመጧቸው። በተለያየ ቀን 50 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን፣ 60 ሚሊግራም ፌክሶፌናዲን፣ የደም ውስጥ መጠኑን 0.1 በመቶ ገደማ የሚያደርስ አልኮል እና ባዶ ኪኒን ሰጧቸው። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ሰክሮ ነዳ የሚባለው ከ0.08 ጀምሮ ነው። በ2000 የታተመው ውጤት፣ ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ በመንዳት ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱት ከጠጡትም ብሰው መገኘታቸውን አሳየ። ፌክሶፌናዲን የወሰዱት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት አልተለዩም። የጋሼን መልስ የሚነካው ግን ይህ ነው፦ ሰዎቹ ራሳቸው የተሰማቸው የእንቅልፍ ስሜት እንዴት እንደነዱ በደንብ አላመለከተም። «እንቅልፍ አልመጣብኝም» ማለት «በደህና ነዳሁ» ማለት አልሆነም። ለጋሼ ይህን ነግሬያቸው ወደ ፌክሶፌናዲን ተዛውረዋል፤ ዋጋው ላይ ግን እስከ ዛሬ ያማርራሉ።

ሌላው ወጥመድ ስም ነው። በስማቸው መጨረሻ «ፒኤም» የሚል የተጨመረባቸው የሌሊት የሕመም ማስታገሻዎች ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ያው ዳይፈንሃይድራሚን ነው። ሮዟን ቀን፣ «ፒኤም»ን ማታ የሚወስድ ሰው አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም እየዋጠ ነው። ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ማንበብ ይበጃል።

እናት አባቱን ለጉብኝት ያስመጣ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው መወገድ አለባቸው ከሚላቸው መድኃኒቶች መካከል እነዚህ የድሮዎቹ አንቲሂስታሚኖች አሉበት። ሽንት ይይዛሉ፣ ይጥላሉ፣ ያቃዣሉ። ሽማግሌው በሌሊት ተነሥተው «ወዴት ነው ያለሁት?» ካሉ፣ አገሩ ግራ አጋብቷቸው ነው ከማለት በፊት ማታ ምን እንደዋጡ መጠየቅ ነው። ስማቸው «ዲ» የሚጨመርበት የአለርጂ ኪኒኖች ደግሞ ደም ግፊት ስለሚያነሡ፣ ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይንካቸው። ሴቲሪዚንን ለወራት በየቀኑ የወሰደ ሰውም ሲያቆም ብርቱ ማሳከክ ሊገጥመው እንደሚችል የመድኃኒቱ ባለሥልጣን በ2025 አስጠንቅቋል፤ ብዙ ሰው የሚገጥመው ነገር ግን አይደለም።

ኪኒኑም የሚነፋውም ያልበቃው ሰው የፍርዱን መዝገብ ራሱን የሚያስከልስ ሕክምና አለለት፤ የራግዊዱን ፕሮቲን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ሰውነትን ማለማመድ። በመርፌ የሚሰጠው ዓመታት ይወስዳል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የራግዊድ ኪኒን በሐኪም ትእዛዝ ይገኛል። የመጀመሪያዋ ኪኒን ሐኪም ፊት ትወሰዳለች፤ ግማሽ ሰዓትም ያስጠብቃሉ። ወቅቱ ከመግባቱ ቢያንስ 12 ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ስላለበት፣ ለሚመጣው ፍልሰታ የሚፈልገው ሰው ቀጠሮውን ማስያዝ ያለበት ከግንቦት በፊት ነው።